ከሱስ በማገገም ወቅት የተለባሽ መሣሪያዎችና የእኩያ ድጋፍ ጥቅም፦ ለጫኖና አካባቢው ተገልጋዮች

የአልኮልና የጫት ሱስ ሕክምና ያለው የጤና ችግር ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የልብ ምትንና እንቅልፍን የሚመዘግቡ ዲጂታል የእጅ ሰዓቶች በገበያ ላይ በመስፋፋታቸው፣ ከሱስ ለማገገም ለሚጥር ሰው ምን ያህል ይረዳሉ የሚለው ጥያቄ ግልጽ መልስ ያስፈልገዋል። መሣሪያዎቹ የሚጠቅሙት የሚያሳዩትን ምልክት ተመልክቶ በጊዜው የሚደርስ ሰው በቅርብ ሲኖር ነው።

ጫኖ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን፣ በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ የሚገኝና የሀሬን ወንዝ በመስኖ ተጠቅሞ ሙዝ የሚያመርት አካባቢ ነው። ቦርዴ፣ ጠጅና አረቄ በሠርግ፣ በደቦና በገበያ ቀን የሚቀርቡ የመስተንግዶ አካል በመሆናቸው፣ መጠጥ ለማቆም የወሰነ ሰው ከመጠጥ ቤት ብቻ በመራቅ አይድንም። ለብዙዎች አስቸጋሪ የሚሆነው ሙዙ ተሸጦ ገንዘብ በእጅ የገባበት ቀን ነው። በመሆኑም ድጋፉ መታቀድ ያለበት ይህን የኑሮ ዑደት በማየት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ማስጠንቀቂያ ሊታወቅ ይገባል። ለረጅም ጊዜ በየዕለቱ ብዙ አልኮል ሲጠጣ የቆየ ሰው ያለ ጤና ባለሙያ ምክር በድንገት ማቆም የለበትም። የመጨረሻው መጠጥ ከተወሰደ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና የልብ ምት መፍጠን ሊጀምር ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታን የሚመስል መንቀጥቀጥ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከባድ የአእምሮ መደናገርና የሌለ ነገር ማየት ሊከተሉ ይችላሉ። ይህ ሁኔታ ሕይወት ሊያሳጣ ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም ሊያመራ እንጂ ቤት ውስጥ ሊታለፍ አይገባም። ለአምቡላንስ በ907 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን መጥራት ይቻላል።

የእጅ ሰዓቱ ጥቅም ከዚህ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት የጎላ ነው። አልኮል ሌሊት የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍንም ይቆራርጣል። ጫት ደግሞ የደም ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል፣ የእንቅልፍ ሰዓትንም ያዘገያል። ከምርቃና ለመውጣት በሚል አልኮል መጠጣት፣ ማለትም ጨብሲ፣ አንዱን ሱስ በሌላው ላይ የሚደርብ ልማድ ነው። ጫት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስቸግረውን ዱካክ ከመንፈስ ጋር አያይዞ ሊፈራ ይችላል፤ ሆኖም በማቋረጥ ምክንያት የሚመጣና እየቀነሰ የሚሄድ ምልክት ነው። እንቅልፉ ከሳምንት ሳምንት መሻሻሉን በሰዓቱ መዝገብ ላይ ማየት የቻለ ሰው፣ ድካሙ ፍሬ እያፈራ መሆኑን የሚያሳየው ማስረጃ በእጁ ይኖረዋል።

ይሁን እንጂ ሰዓቱ የልብ ምቱ ለምን እንደጨመረ አያውቅም። የመጠጥ ፍላጎት፣ በሙዝ ማሳ ላይ የተሠራ ከባድ ሥራ፣ ጭንቀት ወይም ትኩሳት ሁሉም ምቱን ያፈጥኑታል። ጫኖ የወባ ተጋላጭ አካባቢ እንደመሆኑ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት አብሮ ከታየ “ያማረው መጠጥ ነው” ብሎ ከመደምደም በፊት የወባ ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል። በላብ አማካይነት አልኮልን የሚለኩ፣ በቁርጭምጭሚት የሚታሰሩ መሣሪያዎችም አሉ። እነዚህ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ለክትትል የሚጠቀሙባቸው ሲሆኑ በራሱ ፈቃድ ለሚያገግም ሰው አስፈላጊ አይደሉም።

ሰዓት መግዛት ያልቻለ ተገልጋይ ሕክምናው አይቀርበትም። ሁለት ጣቶችን በእጅ አንጓ ላይ በማሳረፍ ለአንድ ደቂቃ የልብ ምትን መቁጠር ይቻላል፤ በዕረፍት ላይ ያለ ጤናማ አዋቂ ምት አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት፣ ፍላጎቱ የበረታበትን ጊዜና ቦታ በደብተር መጻፍ ለባለሙያውም ከሰዓቱ ያልተናነሰ መረጃ ይሰጣል።

የእኩያ ድጋፍ ማለት በተመሳሳይ ችግር ውስጥ ያለፉ ሰዎች ተገናኝተው መደጋገፍ ነው። በዓለም በስፋት የሚታወቀው የአልኮል ተጠቂዎች የመረዳጃ ኅብረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 በአሜሪካ ተመሠረተ። በ2020 ይፋ የሆነና 27 ጥናቶችን የመረመረ ግምገማም በዚህ ዓይነት ኅብረት የሚታገዙ ሰዎች ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ ርቀው በመቆየት ረገድ በሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች ከሚታገዙት ያላነሰ፣ አንዳንዴም የተሻለ ውጤት እንደሚያስመዘግቡ አሳይቷል።

ለጋሞ ሕዝብ ተሰብስቦ ችግርን መፍታት አዲስ ነገር አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በመንበርከክ የተቆጡ ወጣቶችን ከጥፋት መመለሳቸው በአገር ደረጃ ይታወሳል። ሆኖም የማገገሚያ ቡድን ከዱቡሻ የሚለይበት ዋና ነጥብ አለ፤ ዱቡሻ ጉዳዩን በአደባባይ ያያል፣ በቡድኑ ውስጥ የተነገረ ግን ከቡድኑ አይወጣም። ይህ ምስጢር ካልተጠበቀ በተለይ ሴቶች ወደ ቡድኑ ለመምጣት ይቸገራሉ።

ሰዓቱንና እኩያውን ማገናኘት ከባድ አይደለም። ሁለት ሰዎች አስቀድመው ይስማማሉ፦ ለምሳሌ እንቅልፍ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ከተዛባ ወይም የሙዝ ሽያጭ ቀን ከደረሰ አንዱ ለሌላው ይደውላል፣ ቢቻል በአካል ይገናኛሉ። “ጠጣህ ወይ?” ከሚል ምርመራ ይልቅ “ሌሊቱ እንዴት ነበር?” ብሎ መጀመር ወሬውን ይከፍታል። እኩያው ሐኪም ስላልሆነ መድኃኒት አያዝም፣ አያስቆምምም። ያገረሸበት አባል ከቡድኑ አይባረርም፤ ይልቁንም የዚያን ሳምንት ትኩረት ለእርሱ መስጠት ይገባል። መረጃው የባለቤቱ ነው። የትዳር አጋርም ሆነ አሠሪ ሰዓቱን አስገድዶ ማሰር ወይም የስልኩን የይለፍ ቃል መጠየቅ አይኖርበትም፤ ተጠባባቂ የበዛበት ሰው ሰዓቱን አውልቆ ይጠጣል።

አገልግሎት ፈላጊዎች በቀበሌያቸው የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በማነጋገር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይችላሉ። ከዚያ በላይ ክትትል የሚያስፈልገው ታካሚ ወደ አርባ ምንጭ አጠቃላይ ሆስፒታል ሪፈር ይደረጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ደብተራቸውንና የሪፈር ወረቀታቸውን እንዲይዙ ይመከራል። በመጀመሪያው ቀጠሮ የእንቅልፍ መዝገቡን፣ በሰዓትም ሆነ በደብተር የተያዘ ቢሆን፣ ይዞ መቅረብና ታካሚው ፈቃደኛ ከሆነ እኩያውን አስከትሎ መሄድ የባለሙያውን ሥራ ያቀላል።