የጅቡቲዋ መኪና ዋጋዋ ጅቡቲ ላይ አያልቅም!

አንድ የባኮ ልጅ ምክር ፈልጎ መጣ። በቆሎ ነግዶ ያጠራቀማት ጥሪት አለችው። ደላላ ሆዬ «ጅቡቲ የወንበሯ ላስቲክ ያልተቀደደ ኮሮላ አለች፤ በርካሽ ላስመጣልህ» ብሎታል። ቀብድ ሊከፍል ነው።

ወንድምዓለም፣ ቆይ እስቲ! እስከ 2012 ዓ.ም. የነበረውን ስሌት እንኳ እንየው። ሞተሯ ከ1300 እስከ 1800 ሲሲ የሆነች፣ ማጓጓዣና ኢንሹራንሷ ተደምሮ 100,000 ብር የምትገመት መኪና 35 በመቶ ቀረጥ ሲጨመርባት 135,000 ትሆናለች። 60 በመቶው ኤክሳይዝ የሚሰላው ከዚህ ላይ እንጂ ከመቶ ሺው አይደለም፤ 216,000! ቫት 15፣ ሱር ታክስ 10፣ ቅድመ ግብር 3 በመቶ ተከታትለው ሲመጡ 276,240 ብር ገባች። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ያገለገለችውን ከአዲሷ የበለጠ የሚያስከፍል ሆነ።

ዋናውንማ ደላላው ደብቆሃል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክሏል! «በዲያስፖራ ስም በነፃ አስገባልሃለሁ» ቢልህም ጆሮ አትስጠው፤ ከቀረጥ ነፃ የገባች መኪና መብት ለሌለው ስትዛወር ቀረጧ ይጠየቃል።

መኪና ካማረህ የኤሌክትሪክ አለልህ። በ2014 ዓ.ም. ኤክሳይዝ፣ ቫትና ሱር ታክስ ተነሥቶላት፣ ሙሉ ተገጣጥማ የምትገባው ቀረጧ 15 በመቶ ተደርጎ ነበር። ዛሬ ስንት እንደሆነ ግን ገንዘብህን ሳታወጣ ጉምሩክ ሄደህ ራስህ ጠይቅ። ደግሞ ከአዲስ አበባ ባኮ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባትሪዋ አምቦ ላይ እንዳታስቀርህ!