የክረምት መንገድ ሁለት ሥራ አለበት
(በሬዲዮ የመሠረተ ትምህርት ዝግጅት የቀረበ ንግግር)

ደብተራችሁን ዘርግታችሁ፣ እርሳሳችሁን ቀርጻችሁ የምትጠብቁን የመሠረተ ትምህርት ተከታታዮች፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መንገድ ነው። ከከተማ ወደ ከተማ ስለሚወስደው አውራ ጎዳና አይደለም፤ ከደጃችሁ ወጥታችሁ ስለምትረግጡት የሰፈር መንገድ ነው። በክረምት ወራት በዚያ መንገድ ዳር መኪና፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ አሸዋና ድንጋይ የት ቢቆም እንደሚበጅ፣ የት ቢቆም ደግሞ ጉዳት እንደሚያመጣ እናያለን። በመጨረሻም እንደ ልማዳችን የምንጽፋቸው ቃላትና የምንሠራው አንድ ሥራ አለን።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። የምኖረው ሐዋሳ ከተማ፣ ሐይቅ ዳር ነው። ጥቂት ዓመታት ይሆናል፤ በሐምሌ ወር ጓሮዬ ውስጥ ማድ ቤት ለመሥራት አስቤ አንድ ገልባጭ አሸዋ አስመጣሁ። መኪናው ግቢ መግባት ስላልቻለ አሸዋውን በሬ ላይ ዘረገፈው፤ ግማሹ መንገዱ ላይ፣ ግማሹ ቦዩ ላይ ሆነ። «ለሁለት ቀን ነው፣ ምን ችግር አለው?» ብዬ ተውኩት። ሁለቱ ቀን ሁለት ሳምንት ሆነ። ከፊት ለፊቴ ደግሞ አንድ ጎረቤት ሚኒባሱን ማታ ማታ ያቆማል።

አንድ ቀን ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን ከእኛ አራት ቤት አልፎ የምትኖር አንዲት ወጣት ምጥ ያዛትና አምቡላንስ ተጠራ። አምቡላንሱም ፈጥኖ መጣ። ነገር ግን በአሸዋውና በሚኒባሱ መካከል ሲደርስ ቆመ። ቦዩ በአሸዋው ስለተደፈነ ውሃው ሁሉ መንገዱን ሞልቶታል፤ ጠርዙ የቱ፣ ጉድጓዱ የቱ እንደሆነ አይታይም። ሾፌሩ ወርዶ «ይህ አሸዋ የማን ነው?» ብሎ ተጣራ። ከአጥር ሥር የቆመ አንድ ተማሪዬ «የቲቸር ነው!» ሲል በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አካፋ ይዘን ተሯሯጥን። የጤና ባለሙያዋ ግን «ለዚህ ጊዜ የለንም፣ በቃሬዛ አምጧት» አለችን። አራት ሰዎች ሆነን ውሃውን እያቋረጥን ተሸክመን አደረስናት።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። ልጁ ዛሬ በዚያው መንገድ ላይ ኳስ ይጫወታል። ነገር ግን ደኅና የሆኑት በእኔ ብልኅነት አይደለም። የተሸከምነው ሰው የእሳት ቃጠሎ ቢሆን ኖሮስ? እሳት በቃሬዛ አይወጣም።

ከዚያ ሌሊት የተማርኩት ይህን ነው፦ በክረምት መንገድ ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው ሥራው ተሽከርካሪ ማሳለፍ ነው። ሁለተኛው ሥራው ውሃ ማሳለፍ ነው። በዳሩ ላይ የምናቆመው ነገር ሁለቱንም ሥራ ሊያስቆም ይችላል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

በመጀመሪያ ስለ ውሃው። ዝናብ የሚለካው በሚሊ ሜትር ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ የአንድ ሰፈር መንገድ ርዝመቱ 200 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር ነው እንበል። ስፋቱ 1,200 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዚህ መንገድ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 36,000 ሊትር ውሃ ነው። ይህ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲሰፈር 1,800 ጀሪካን ይሞላል። ልብ በሉ፣ የቆጠርነው መንገዱ ላይ የወረደውን ብቻ ነው። ከየቤቱ ቆርቆሮ የሚወርደውንና ከላይ ከተራራ የሚመጣውን ገና አልጨመርንም።

ሐዋሳ ሜዳ ትመስላለች፤ ግን ታቦርና አላሙራ ተራሮች አጠገቧ ናቸው፣ ሐይቁም ከበታቿ ነው። ከተራራው ሥር የሚነሳው ጎርፍ በሰፈሮቻችን መካከል አልፎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። የአካባቢው አፈር ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ አሸዋና አመድ የበዛበት በመሆኑ በቀላሉ ይታጠባል። እንደ ቡሽ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ቀላል ድንጋይ የማታውቁት አትኖሩም፤ እሱም ከጎርፉ ጋር ተንሳፎ ቦይ ውስጥ ይገባል። በዚህ ላይ የውሃ ፕላስቲክ፣ የጫት ገራባና የሸንኮራ አገዳ ልጣጭ ሲታከልበት ቦዩ ይደፈናል። ቦይ የተደፈነበት ውሃ ደግሞ ተመልሶ ወደ ተራራ አይወጣም። ዝቅ ያለውን በር ፈልጎ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለው በር የደኻ በር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ጎርፍ ይገባበታል፤ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለውም። ስለዚህ ወደ ሐይቁ የሚሄደው ደለልና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ሞልቶ ወደ ከተማዋ ስለተጠጋ በዳርቻው ግድብ ተሠርቷል። ዛሬ ከቦዩ ያላነሳነው አሸዋ ነገ ሐይቁ ውስጥ ነው፤ ዓሣ ከሚጠመድበት ሐይቅ ማለት ነው።

አሁን ወደ ተሽከርካሪው እንለፍ። በሰፈር መንገድ ላይ የግድ መግባት ያለባቸው መኪናዎች የትኞቹ ናቸው? አምቡላንስ አለ። የእሳት አደጋ መኪና አለ። ቆሻሻ የሚያነሳው፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚመጠው፣ ከቦይ የወጣውን ደለል የሚጭነውም አለ። እነዚህ ሁሉ ሰፋፊ ናቸው። የትልቅ የጭነት መኪናና የእሳት አደጋ መኪና ወርድ እስከ 2 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ትንሽ የቤት መኪና ወደ 1 ሜትር ከ70 ይሆናል። ባጃጅ ደግሞ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው።

እርሳሳችሁን አንሡ። መንገዱ 6 ሜትር ነው። በግራ አንድ መኪና፣ በቀኝ አንድ መኪና ፊት ለፊት ቆሙ። ሁለቱ በአንድ ላይ 3 ሜትር ከ40 ያዙ። ከ6 ሜትር ላይ 3 ሜትር ከ40 ሲቀነስ 2 ሜትር ከ60 ይቀራል። የእሳት አደጋ መኪናው 2 ሜትር ከ50 ነው። በየጎኑ የሚተርፈው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ያውም ወደ ውጭ የወጡትን መስታወቶች ሳንቆጥር። በሌሊት፣ በዝናብ፣ በጭቃ ላይ በዚያች ቀዳዳ የሚያልፍ ሾፌር የለም። ሁለቱ መኪናዎች በአንድ ጎን፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ቢቆሙ ግን 4 ሜትር ከ30 ክፍት ይሆናል። መንገዱ ያው ነው፣ መኪናዎቹም ያው ናቸው። የተለወጠው አቋቋማቸው ብቻ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሰሜን አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚባለው ግዛት ሚኒያፖሊስ የምትባል ከተማ አለች፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ይኖሩባታል። የእነሱ ክረምት ዝናብ ሳይሆን በረዶ ነው። በረዶው በመንገድ ላይ ሲቆለል ፊቱ ላይ ሰፊ ብረት የተገጠመለት መኪና እየገፋ ይጠርገዋል። ታዲያ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ካለ ጠራጊው ዞሮት ያልፋል፤ በረዶውም እዚያው ይቀራል፣ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። ስለዚህ ከተማይቱ ብዙ በረዶ ሲጥል የሦስት ቀን ሥርዓት ታውጃለች። በመጀመሪያው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት በተመረጡ ዋና ዋና መንገዶች በሁለቱም ጎን ማቆም አይቻልም። በሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በሌሎቹ መንገዶች የቤት ቁጥሩ ተጋማሽ በሆነው፣ ማለትም 2፣ 4፣ 6 እያለ በሚሄደው ጎን ማቆም ይከለከላል። በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ተራው የጎዶሎው፣ የ1፣ 3፣ 5 ጎን ይሆናል። መኪናውን ያላነሳ ይቀጣል፤ መኪናውም ተጎትቶ ይወሰዳል።

ከዚህ ምን እንማራለን? በረዶውን አንፈልገውም፣ ብልሃቱን ግን እንውሰድ። አንደኛ፣ ለሁሉም የሚሆን ጥቂት ቦታ በተራ ይለቀቃል። ሁለተኛ፣ ሥርዓቱን ለመከተል የቤቱን ቁጥርና የተለጠፈውን ማስታወቂያ ማንበብ ያስፈልጋል። ማንበብ የማይችል ሰው ሳያውቅ ያጠፋል፤ ሳያውቅም ይቀጣል።

እንግዲህ በየሰፈራችን ተሰብስበን ልንስማማባቸው የምንችላቸውን ነገሮች ልዘርዝር።

አንደኛ፣ በጠባብ መንገድ ላይ መኪና በአንድ ጎን ብቻ ይቁም። ቦይ በአንድ ጎን ብቻ ካለ መኪናው በሌላው ጎን ይሁን። ቦይ በሁለቱም ጎን ካለ አንዱ ሳምንት የአንዱ፣ ሌላው ሳምንት የሌላው ጎን ተለቆ ይጠረግ።

ሁለተኛ፣ በመታጠፊያ፣ በመስቀለኛ መንገድ አፍ፣ በድልድይ ላይና በሰው በር ላይ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አይቁም። ትልቅ መኪና የሚቸገረው ከሁሉ በላይ ሲታጠፍ ነው።

ሦስተኛ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ በተቻለ መጠን ክረምት ሳይገባ ይምጣ። በክረምት ማስመጣት የግድ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ግቢ ይግባ። ይህን የምለው ተቀጥቼበት ነው።

አራተኛ፣ ቦይ ላይ የሚጣል መሸጋገሪያ እንጨት ወይም ድንጋይ በቀላሉ የሚነሳ ይሁን። በሲሚንቶ የታሸገ ቦይ ማን ይጠርገዋል?

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «እኔ መኪና የለኝም፤ ምን አገባኝ?» ትሉ ይሆናል። መኪና ባይኖራችሁ ጋሪ አላችሁ፣ ወይም ጉሊት ትቸረችራላችሁ፣ ወይም ልጃችሁ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጅ ነጂውም ሆነ የጉሊት እናት እንጀራቸውን የሚያገኙት መንገድ ዳር ነው። ስለዚህ «ከዚህ ጥፋ» ብቻ ብሎ ማባረር መፍትሔ አይሆንም። «እዚህ ጋ ቁም፣ ይህች ስፍራ ላንተ ናት» ብሎ ማሳየት ያስፈልጋል። ቦታ የተሰጠው ሰው ቦታውን ይጠብቃል። በእኛ ሰፈር ባጃጆቹ መስቀለኛው መንገድ አፍ ላይ ይሰለፉ ነበር። ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብለው በአንድ ረድፍ እንዲቆሙ ተነጋገርን፤ ተስማሙ። አንዱ ወጣት «መምህር፣ ቀድሞ ማንም አልነገረንም እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው፤ ጎርፉ ሳይመጣ መነጋገር።

ምልክቶቹንም እንወቅ። ክብ ሆኖ መሐሉ ሰማያዊ፣ ዙሪያው ቀይ፣ በላዩም አንድ ቀይ መስመር በሰያፍ የተሰመረበት ምልክት ካያችሁ፣ እዚያ መኪና አቁሞ መሄድ ክልክል ነው። ቀዩ መስመር ሁለት ሆኖ እንደ መስቀለኛ ከተጣመረ ደግሞ ለአፍታ መቆምም ክልክል ነው ማለት ነው። በየበሩ ላይ በቀለም የሚጻፈውን «መኪና ማቆም ክልክል ነው» የሚለውንም ዛሬ ፊደል የቆጠራችሁ ሁሉ ራሳችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። አንድ ቁጥርም ጻፉ፦ 907። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥሪያ ነው። ደውላችሁ ስትጠሩ ግን አንድ ሰው ቀድሞ ወጥቶ መንገዱ ክፍት መሆኑን ይይ፤ መብራት ይዞም መኪናውን ይቀበል።

አሁን ደብተራችሁ ላይ እነዚህን አምስት ቃላት ጻፉ፦ ቦይ፣ ደለል፣ ጎርፍ፣ ክልክል፣ ማቆሚያ። በእያንዳንዱ ቃል አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት። ለምሳሌ «ደለል የሞላው ቦይ ውሃ አያሳልፍም» ማለት ትችላላችሁ።

የሳምንቱ ሥራ ደግሞ ይህ ነው። ነገ ጠዋት ከቤታችሁ ስትወጡ መንገዳችሁን በእርምጃ ለኩ። የአንድ ትልቅ ሰው ረዘም ያለ እርምጃ ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መኪናዎች በቆሙበት ሰዓት መሐል ላይ የቀረውን ክፍት ቦታ ለኩ። አምስት እርምጃ ከሞላ ትልቁ መኪና ያልፋል። ከአራት ካነሰ አያልፍም። ያገኛችሁትን ቁጥር ጻፉና ለጎረቤታችሁ አሳዩት። በቁጥር የተነገረ ነገር ጠብ አያስነሳም፤ «መንገድ ዘጋህብኝ» ከማለት «ሦስት እርምጃ ብቻ ቀርቷል» ማለት ይሻላል።

እኔም ያን አሸዋ በማግስቱ ጠዋት ከተማሪዎቼ ጋር አስገባሁት። ያ «የቲቸር ነው!» ያለው ልጅ አካፋውን ከእጄ ተቀብሎ ሠራ። አልተቆጣሁትም። እውነቱን ነበር የተናገረው።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።