ስለ ፖም ዛፍ፤ ስማቸው ስለ ተረሳ ተካዮች

ፖም ከዘሩ ሲበቅል እናቱን አይመስልም። ከአንድ ጣፋጭ ፍሬ አሥር ዘር ወስደው ቢዘሩ አሥሩም ልዩ ልዩ ሆነው ይበቅላሉ፤ የሚበዙትም ሆምጣጣ ወይም ደቃቃ ናቸው። ስለዚህ መልካም ዛፍ በአጋጣሚ ሲገኝ እርሱን ማብዛት የሚቻለው ቡቃያ ያለበትን ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላ የፖም ግንድ ላይ በማጣበቅ ነው። ከዚህም የተነሣ የመጀመሪያውን ዛፍ የተከለውና መልካምነቱን ያስተዋለው ሰው ውለታው ታላቅ ነው። እጅግ ከታወቁት የፖም ዓይነቶች ሁለቱን ያስገኙት ሴቶች መሆናቸው ግን ብዙ አይነገርም።

በእንግሊዝ አገር ሳውዝዌል በምትባል ከተማ በ1809 ዓ.ም. (ይህም ከዚህ በታች ያለውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሜሪ አን ብሬልስፎርድ የምትባል ልጃገረድ በጓሮዋ የፖም ዘር ዘራች። በ1846 ማቲው ብራምሊ የሚባል ሥጋ ሻጭ ቤቱን ከነአትክልቱ ገዛ። በ1856 ሄንሪ ሜሪዌዘር የሚባል ወጣት ችግኝ አፍልቶ ለመሸጥ ቅርንጫፍ ቢለምነው፥ ብራምሊ ፍሬው በራሱ ስም እንዲጠራ አድርጎ ፈቀደለት። ብሬልስፎርድ ግን ይህን ሳትሰማ በ1852 ሞታ ነበር። ለወጥ ቤት የሚሆነው ፖም እስከ ዛሬ ብራምሊ ይባላል፤ ይኸውም የገዛው እንጂ የተከለችው ስም አይደለም። ዛፉ በ1900 ገደማ በነፋስ ወድቆ ሳለ እንደ ገና አቈጥቍጧል።

የአውስትራልያው ነገር ከዚህ ይሻላል። ወይዘሮ ማሪያ አን ስሚዝ በ1799 በእንግሊዝ አገር ተወልደው በ1838 ከባላቸው ጋራ ወደ ሲድኒ የተሻገሩ ገበሬ ነበሩ። በ1868 በእርሻቸው በወንዝ ዳር ለብቻው የበቀለ ችግኝ አይተው ዝም አላሉም፤ አንድ ባለ አትክልት ከነልጁ ጠርተው አሳዩ፥ ከታስማንያ የመጣ ፖም ትርፍራፊ ከተጣለበት እንደ በቀለም አስረዱ። በ1870 ሞቱ። የእርሻቸውን ከፊል የገዛው ኤድዋርድ ጋላርድ ዛፉን አበዛው፤ በ1891 በካስል ሂል የእርሻ ትርኢት ተሸለመ። በ1895 የኒው ሳውዝ ዌልስ የእርሻ መሥሪያ ቤት ወደ ውጭ አገር ሊላክ የሚገባው ነው ብሎ መዘገበው፤ በባትረስትም በመንግሥት የሙከራ እርሻ በብዛት አስተከለ። የአገኛኘቱ ታሪክ በጋዜጣ የወጣው ግን በ1924 ነው፤ የተናገረውም ያ የባለ አትክልቱ ልጅ ነበር። እርሱ ባይናገር ኖሮ ነገሩ ጠፍቶ በቀረ ነበር። ፍሬው ግራኒ ስሚዝ፥ ማለት አያት ስሚዝ፥ ይባላል፤ የባለቤቲቱ የራሳቸው ስም እዚህም አልገባም።

በአገራችን በጋሞ ደጋ በጨንቻ ፖም የተተከለው በ1950ዎቹ ዓመታት በሚስዮናውያን እጅ ነው። በብዙ አገር ጓሮ የሚጠበቀው በሴቶች ነውና፥ የወረዳ ሹማምንት መልካም ዛፍ ተገኘ ሲባል የቦታውን ባለቤት ብቻ ጠይቀው አይመለሱ። ማን እንደ ተከለው፥ ከየት እንዳመጣው፥ በስንት ዓመቱ እንዳፈራ ይጠየቅና ይጻፍ። የተከለችው ሴት ብትሆን፥ በባልዋ ስም ሳይሆን በራስዋና በአባትዋ ስም ትመዝገብ።