ላንጋኖ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው

ጥር ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ በጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ በሞጆና በመቂ ዝዋይን አልፈን፣ ወደ ላንጋኖ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚያስገባው አቧራማ መንገድ ታጠፍን። አራት ነበርን፦ ከሆላንድ ለእረፍት የመጣው የአክስቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ አንድ የሰፈራችን ልጅና እኔ። የአክስቴ ልጅ በሻንጣ የሚታጠፍ፣ በፓምፕ የሚነፋ ሰሌዳ ይዞ መጥቷል። ሸራ ሲተከልበት ዊንድሰርፊንግ ይሆናል፤ ሸራው ሲነሳ ደግሞ ቆመው በመቅዘፊያ ይነዱታል።

የአየር ሁኔታውን የማየት ሥራ የተሰጠው ለእኔ ነበር። ዓርብ ማታ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ አንዱን የንፋስ አፕ ከፈትኩ። ለቅዳሜ ትልቁ ቁጥር 11 ነው። በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ምን አላት? ሳይክል እንኳ ይበልጣታል። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «11 ብቻ ነው፣ ሰላም ነው» ብዬ ጻፍኩ። የአክስቴ ልጅ ወዲያው «አሪፍ!» ብሎ መለሰ። እኔ ደስ ያለው ንፋስ ስለሌለ መስሎኝ ነበር። እሱ ደስ ያለው ንፋስ ስላለ ነው። አንድ ቁጥር አይተን ሁለት ነገር ተረዳን።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስንደርስ ውኃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ጸጥ ብሏል። ያ ቡናማ ሐይቅ ቅንጣት አይንቀሳቀስም። የአክስቴ ልጅ ሸራውን ዛፍ ሥር አስቀምጦ መጠበቅ ጀመረ፤ ወንድሜ በመቅዘፊያው እየወጣ እየገባ ሲጫወት ዋለ። ምሳ ከበላን በኋላ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ «አንዴ ብቻ» ብሎ ሰሌዳውን ይዞ ገባ። ላይፍ ጃኬቱን አሸዋው ላይ ትቶታል። እኔም ምንም አላልኩትም።

ከጀልባዎቹ አጠገብ የተቀመጡ አንድ አባት ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ያ ልጅ የእናንተ ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ወንድሜ ነው።»

«ጥራው። እኛ ያለንበትን አትይ። ራቅ አድርገህ ውኃው የጠቆረበትን እይ።»

አየሁ። እኛ ጋ የግራሩ ቅጠል እንኳ ብዙም አይነቃነቅም። ራቅ ብሎ ግን ውኃው ጠቁሮ ነጭ አረፋ መበተን ጀምሯል። ወንድሜ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ይቀዝፋል፤ ግን እያነሰ ይሄዳል። ስሙን ጠራሁ፣ ጮህኩ፤ ንፋሱ የሚነፍሰው ከጀርባዬ ስለሆነ ድምፄን እንጂ መልሱን አያመጣም።

ሞተር ጀልባው ሦስት ጊዜ ተጎትቶ ተነሳ። ስንደርስበት ሰሌዳው ላይ በሆዱ ተኝቶ ጠርዙን በሁለት እጁ ጨብጧል፤ መቅዘፊያው የለም። የአክስቴ ልጅ ጠዋት «ምንም ቢመጣ ሰሌዳውን እንዳትለቅ፣ ዋኝቼ እመለሳለሁ እንዳትል» ብሎት ነበር። ያተረፈችው እሷ ምክር ናት።

ማታ ስልኬን እንደገና ከፈትኩት። ትንበያው አልዋሸም። ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ስህተቴ አራት ነበር፤ እናንተም ስልካችሁን አውጡና እያያችሁ አንብቡ።

አንደኛው መለኪያው ነው። 11 ያለኝ በኖት ነበር። ኖት የመርከበኞች የፍጥነት መለኪያ ሲሆን አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ስለዚህ የእኔ 11 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጠጋል፤ ውኃ ላይ ነጭ አረፋ የሚታይበት ንፋስ ማለት ነው። አፑ የተስተካከለው በሜትር በሰከንድ ቢሆን ኖሮ ያው 11 ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆን ነበር። መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ መለኪያውን እዩ።

ሁለተኛው ከዋናው ቁጥር አጠገብ ያለው ነው። 11 አማካዩ ነው፤ ከሥሩ 19 የሚል ነበር። እሱ ድንገት እየመጣ የሚገፋው የንፋስ ጉልበት ነው። የንፋስ ግፊት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ11 ወደ 19 ሲዘል ወንድሜን የሚገፋው ኃይል ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ክንድ ደግሞ ሦስት እጥፍ አይሆንም።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። ጠዋት ላይ ያለው ቁጥር 3 ነበር፤ 11 የተጻፈው 14:00 በሚለው ሥር ነው። ያ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። አንዳንድ አፕ ደግሞ ሰዓቱን በግሪንዊች ስለሚያሳይ ለአገራችን 3 ሰዓት መጨመር አለባችሁ።

አራተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የከፋው፣ አቅጣጫው ነው። ንፋስ የሚጠራው በመጣበት በኩል ነው። «ሰሜን ምሥራቅ» ከተባለ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሄዳል። እኛ ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ነን፤ ንፋሱ ከየብስ ወደ ውኃ ይገፋል። እንዲህ ያለው ንፋስ ዳር ላይ ለቆመ ሰው የዋህ ነው፤ ዛፉና ጉብታው ይከልለዋል። ከዳሩ በራቃችሁ ቁጥር ግን ይበረታል፣ የሚወስዳችሁም ወደ መሐል ነው።

ግን ለምን ከሰዓት በኋላ? ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ አየሩም ከሥር ረግቶ ይተኛል፤ ከላይ ያለው ፈጣን ንፋስ እኛን ሳይነካ በአናታችን ያልፋል። ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ሞቃቱ አየር ይነሳል፣ የላዩም ይወርዳል፤ ይዞት የሚመጣው ፍጥነቱን ነው። በዚያ ላይ የብስ ከውኃ ቀድሞ ስለሚግል ሐይቁ የራሱን ንፋስ ወደ ዳር ይልካል። በበጋ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ደረቅ ንፋስ በስምጥ ሸለቆው ያልፋል። ይህ ንፋስ ቀልድ አይደለም፤ እዚያው ሸለቆ ጠርዝ ላይ ያሉት አዳማ 1 እና አዳማ 2 የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች አቅማቸው 51 እና 153 ሜጋ ዋት ነው።

ስልካችሁ ይህን ሁሉ ያውቃል ወይ? በከፊል። አፖቹ የሚጠቀሙት ዓለምን በሳጥን ከፋፍለው የሚያሰሉ ሞዴሎችን ነው። ብዙ ጊዜ የምታገኙት የአውሮፓው ሞዴል የአንዱ ሳጥን ጎን 9 ኪሎ ሜትር፣ የአሜሪካው 13 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ላንጋኖ እንደዚህ ባለ ካርታ ላይ ጥቂት ሳጥን ብቻ ነው። ሞዴሉ የአርሲን ተራሮች በደምሳሳው ያያል፤ እናንተ የቆማችሁበትን የግራር ጥላ ግን አያየውም። የጠቆረውን ውኃ የሚያይ ዓይናችሁ ነው፤ ወይም እዚያ የኖረ ሰው።

ሐይቅ የማይሄድ ሰው «እኔን አይመለከተኝም» እንዳይል። እንጦጦ ላይ በእግር የምትወጡ፣ ሳይክል የምትነዱ፣ ድንኳን የምትተክሉ፣ ነገሩ ያው ነው። ትንበያው የሚነግራችሁ የከተማውን ነው፤ እናንተ ያላችሁት ሸንተረሩ ላይ ነው፣ እዚያ ንፋሱ ይበረታል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በበልግና በክረምት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ደመና ሲቆለል፣ ዝናቡ ሳይደርስ ቀዝቃዛ ንፋስ ድንገት ቀድሞ ይመጣል። መብረቁን አይታችሁ ነጎድጓዱን እስክትሰሙ ሰከንድ ቁጠሩ፤ ለሦስት ስታካፍሉት ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። 30 ካልሞላ ከውኃም ከሸንተረርም ውረዱ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ግማሽ ሰዓት ታገሱ።

እሑድ ወደ ቤት አልተመለስንም። የአክስቴ ልጅ ስልኬን ተቀብሎ አየና «ንፋሱ ያው ነው፤ ዳርቻውን እንቀይር» አለ። ሐይቁን ዞረን ወደ ምዕራቡ በኩል ሄድን። ሁላችንም ላይፍ ጃኬት ለበስን፣ የጀልባ ሰው አናገርን። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ያው ሰሜን ምሥራቅ መጣ፤ አሁን ግን ከውኃው ወደ እኛ ነው የሚነፍሰው። እሱ ትልቁን ሸራ ተከለ። ላንጋኖ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ስለሚጠጋ አየሩ ከሆላንዱ በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ለያው ጉልበት ሰፋ ያለ ሸራ ይፈልጋል። ከዚያ ሄደ በቃ። ውኃውን እየሰነጠቀ፣ ወደ ኋላው ተንጋሎ፣ እየጮኸ። ሲወድቅ ንፋሱ ቀስ እያደረገ ወደ እኛ ያመጣዋል። ወንድሜ ዳር ቆሞ ዝም ብሎ ያያል። ትናንት ሊወስደው የነበረው ንፋስ ነው።

አሁን ግሩፓችን ላይ የምጽፈው ተቀይሯል፦ «ከ8 ሰዓት ጀምሮ 11 ኖት፣ እስከ 19 ይደርሳል፣ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ምዕራቡ ዳር እንሂድ።» ወንድሜ ሁልጊዜ የሚመልሰው አንድ ነው፦

«ጃኬት ስንት ይዘናል?»