878 ቅስት፣ 60 ሚሊዮን ጡብ

በደቡብ ለንደን፣ በርመንዚ በሚባለው ሰፈር፣ አቤይ ስትሪትን ከላይ የሚያቋርጥ የባቡር ድልድይ አለ። የተሸከሙት ሁለት ረድፍ የብረት ዓምዶች ናቸው፤ ተሽከርካሪ በመሃል፣ እግረኛ በግራና በቀኝ ያልፋል። ዓምዶቹ የጥንት ግሪኮችን ቤተ መቅደስ ወግ ይዘው ከላይ እስከ ታች በቦይ በቦይ የተፈለፈሉ ናቸው። የቆሙት በ1836 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፓሪሱ ኤፍል ግንብ ሊመረቅ ገና 53 ዓመት ይቀረው ነበር። ባቡር ዛሬም በድልድዩ ላይ ይመላለሳል።

ድልድዩ የአንድ ግዙፍ ሥራ ቅንጣት ነው። ለንደንን ከግሪንዊች ያገናኘው ይህ መስመር የከተማይቱ የመጀመሪያ የመንገደኞች ባቡር ሲሆን፣ መሐንዲሱ ኮሎኔል ጆርጅ ላንድማን ነበሩ። ሐዲዱ መሬት ለመሬት ቢዘረጋ በየመንገዱ ከጋሪና ከፈረስ ጋር ሊጋጭ ነው። ስለዚህ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ አነሱት። አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት፣ 878 ቅስት!

የገባው ጡብ ወደ 60 ሚሊዮን ይጠጋል። እንዲህ ያለ ቁጥር ካልከፋፈሉት አይጨበጥም። ለአንድ ቅስት በአማካይ 68,000 ጡብ ይደርሰዋል። አንዱን ጡብ ሁለት ኪሎ ተኩል ብንለው፣ ድምሩ አንድ ሚሊዮን ተኩል ኩንታል ነው። አንድ ግንበኛ በቀን 1,000 ጡብ እየደረደረ፣ እሑድ በዓል ሳይል፣ ብቻውን ቢሠራ 164 ዓመት ይፈጅበታል፤ ግንባታው በተጀመረበት በ1834 ሥራ ቢጀምር፣ የመጨረሻዋን ጡብ የሚያስቀምጠው በ1998 ነው። እነዚያ ሰዎች ግን በ1836 የካቲት ላይ የመጀመሪያውን ክፍል ለመንገደኛ ከፍተው፣ በ1838 ማብቂያ ግሪንዊች ደረሱ። ሥራው በተፋፋመበት ወቅት በቀን ከ100,000 በላይ ጡብ ይደረደር ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ እጁ ነው። ጭቃው ጡብ ሆኖ ይቀረጻል፤ ደርቆ ይተኮሳል፤ ይጫናል፤ ይራገፋል፤ ወደ ግንበኛው ይቀርባል፤ በመጨረሻም በኖራ ይያያዛል። አንዱን ጡብ የሰው እጅ አምስት ጊዜ ብቻ ነካው ብንል እንኳ 300 ሚሊዮን ጊዜ ማንሳትና ማስቀመጥ ይሆናል። በዚያ ላይ የማንሻ ማሽን ብርቅ የነበረበት ዘመን ነው፤ ጉልበቱን የከፈሉት የቀን ሠራተኞች ግን ስማቸው በየትኛውም ዓምድ ላይ የለም።

60 ሚሊዮኑም ቢሆን ሁለት ሐዲድ ብቻ ለተሸከመው፣ ስፋቱ ስምንት ሜትር ለማይሞላው የመጀመሪያው ግንባታ የተቆጠረ ነው። ባቡሩ እየበዛ ሲሄድ ግንቡ በግራም በቀኝም ተደጋግሞ ሰፋ፤ ወደ ለንደን ብሪጅ ጣቢያ ሲቃረብ 11 ሐዲድ ጎን ለጎን እስከ መሸከም ደረሰ። ለማስፋፊያው የተደረደረው ጡብ ከ60 ሚሊዮኑ ውስጥ አልገባም።