ለምትሠለጥን ልጃችሁ የሚበቃ ማዕድ



መሐመድ አማን በ2013 እ.ኤ.አ. በሞስኮ በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ዕድሜው 19 ዓመት ነበር። ከጎንደር ከተማ እስከ ዳባትና ደባርቅ ደጋ፣ ልጃችሁ ሙሉ ጊዜዋን ለሩጫ ልምምድ ከሰጠች ከጫማ በፊት የምትሻው በቂ ምግብ ነው።

አንዳንድ ሯጮችና የባሌት ተወዛዋዦች ሰውነታቸው እንዲቀል ምግብ ይቀንሳሉ። ልምምዱ የሚፈጀውን ያህል ያልበላች ልጅ ግን የወር አበባዋ ሊቋረጥ፣ አጥንቷም ሳስቶ ሊሰነጠቅ ይችላል። ወንዶች ልጆችም በምግብ እጥረቱ ይጎዳሉ። የወር አበባዋ ሦስት ወር ከቀረ «ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።

ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ በቀን 1,300 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 15 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልጋታል። ወተት፣ እርጎና ጎመን ለአጥንት፣ ሥጋና ምስር ለደም ይጠቅማሉ። ጠዋት ከመሮጧ በፊት ጥቂት በሶ ወይም ተምር፣ ስትመለስ እንቁላል ወይም ሽሮ በእንጀራ ስጧት። ሻይና ቡና ብረትን ስለሚያግዱ ከምግብ ጋር አይጠጡ።

በረመዷን ሰሑር አትዝለል፤ ከባዱን ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ ታድርግ። ከታመመች ስለ ጾሙ ሐኪምንም ዓሊምንም ጠይቁ።

ልጅ የአላህ አማና ነው፤ ከሜዳሊያዋ በፊት ጤናዋን እንጠብቅ። ወላሁ አዕለም።