ያሬድ ያመነውን ማን ጻፈው?

ልጄ ሒሳብ ወድቆ ከፍቶት ነበር። ዳባትን አልፈን ደባርቅ ስንቃረብ፣ ለማጽናናት ብዬ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ አጫወትኩት። ትምህርት አልገባው ብሎ አጎቱ ጌዴዎን ሲገርፈው ሸሸ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው የወጣችውን ትል አየና ተመለሰ። ልጄ አዳምጦ ሲጨርስ «ይህን ማን አይቶ ጻፈው?» አለኝ።

ጥያቄው ለአውሮፓ ሙዚቀኞችም ይሆናል። ባኽ በድርሰቶቹ ላይ «ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር፤ በራሱ እጅ ማስታወሻ የጻፈበት መጽሐፍ ቅዱስም ተገኝቷል። የቤትሆቨን ግን ሌላ ነው። ጸሐፊው የነበረው ሺንድለር ከቤትሆቨን ሞት በኋላ በውይይት ደብተሮቹ ላይ የፈጠራ ንግግር አስገብቷል። ይህ የተጋለጠው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው።

ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም፣ በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን እንደኖረ ይነገራል። ገድሉ የተጻፈው ግን ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ከገነት የመጡት ሦስት ወፎች፣ ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሁለቱም ያልተሰማቸው መሆኑ፣ ከዚያም ለምኖ ወደ ስሜን መመነኑ፣ ከያሬድ ይልቅ የጸሐፊዎቹን እምነት ይነግሩናል ባይ ነኝ። ፍጻሜው እንኳ አንድ ወጥ አይደለም፦ ስንክሳር ግንቦት 11 ቀን «ዐረፈ» ሲል፣ ብዙ ምእመናን «ተሰወረ» ይላሉ።

ወደ እሱ የሚያቀርበን ድጓው ነው፤ እርሱም ቢሆን የኋላ ሊቃውንት እጅ ታክሎበታል። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎች በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ የሚመስሉትም ሊቃውንቱ ናቸው። የዜማው ምልክቶች የተደራጁት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ሲሆን፣ ትውፊት ሥራውን ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ የተላለፈ ነው። ይህ ደካማ መዝገብ አይምሰላችሁ፤ በአብነት ትምህርት ቤት አንዲት ድምፅ የሳተ ተማሪ እንዲደግም ይደረጋል።

በስሜን ተራሮች መካከል በስሙ የሚጠራ ተራራ አለ። በማግስቱ ማለዳ ደባርቅ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲሰማ ልጄ «ይሄ የያሬድ ነው?» አለኝ።

«ነው ይላሉ» አልኩት።

«ነው ወይስ ይላሉ?»